ሕግ ቁጥር አራት

ቤት ውስጥ «ባቡር» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሰው ወሬ ጀምሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አቅቷት መጨረሻውን ራሷ ስታደርስለት አየና፣ «ይቺ ልጅ ባቡር ናት፤ ተሳፋሪ ቀረ አልቀረ ግድ የላትም» አለ። ስሙ ተጣብቆባት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አብሯትም ተመረቀ። አሁን የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ያሉትም ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው ደርሰውበት ባቡር ይሏታል።

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ባቡር ዝም ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ካመለጠቻት የአንድ ዓመት ልፋቷ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓደኛዋ ከሠዓሊዋ ጋር ሆነው አንድ የካርታ ጨዋታ ሠርተዋል። ስድሳ ካርታ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ተስሏል፤ ፍየል፣ መሰላል፣ ደብዳቤ፣ ገመድ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ሌላም ሌላም። ተጫዋቾቹ ስምንት ስምንት ይይዛሉ። አንዱ ታሪክ ከልቡ እየፈጠረ ያወራል፤ በእጁ ያለውን ነገር በታሪኩ ውስጥ ባነሳ ቁጥር ካርታውን ያወርዳል። የጠራው ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ ከተገኘ ግን ያኛው ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታና ታሪኩን ነጥቆ ከቆመበት ይቀጥላል። ካርታውን ቀድሞ ጨርሶ ታሪኩን በወጉ የቋጨ አሸነፈ። ጠረጴዛ መምታቱ ሕግ ቁጥር አራት ነው፤ ባቡር ከሕጎቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደውም እሱን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ሲጫወቱ ጠረጴዛው እግሩ እስኪላላ ይደበደባል፤ አንዱ ጨዋታም በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ሠላሳ ዓመት ቀለም ሲሸት የኖረው የማተሚያ ቤቱ አለቃ ይህን ሁሉ አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ጓደኞችሽ እንዳንቺው ናቸው» አላት። «ሰው ሳጥኑን ይዞ ቤቱ ሲገባ አንቺ ከሳጥኑ ወጥተሽ አታስረጂውም። ቤተሰቦችሽ ወረቀቱን ብቻ አንብበው ይጫወቱት። አንቺ ትንፍሽ ሳትዪ ከተጫወቱት ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል። አለበለዚያ የቀን መቁጠሪያው ኅትመት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ክፍት የሚሆነው የዛሬ ዓመት ነው።»

«እሺ» አለች ባቡር።

«ደግሞ አላምንሽም፤ ራሴ መጥቼ አያለሁ።»

መጣም። ሳሎን ውስጥ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ሰዓቱን ፈትቶ ኮቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ባቡርና ሠዓሊዋ ከበሩ አጠገብ ባለች አግዳሚ ላይ ተጣብበው ተቀመጡ። ሠዓሊዋ የባቡርን ቀሚስ ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛለች።

«አፍሽን ስትከፍቺ እጎትተዋለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ቢቀደድስ?»

«እናትሽ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ይሰፉታል።»

እናቷ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ጨርቅ የምትቆርጥበትን ትልቁን ጠረጴዛ ለጨዋታው ለቃለች። ጠረጴዛው ላይ የልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመርና የክር ቁርጥራጭ አለ፤ መሃሉ ላይ አንድ ማሰሮ የሚያህል የመስታወት ጆግ ውሃና ትንንሽ የሻይ ብርጭቆዎች። ዙሪያውን ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አባቷ፣ እናቷና የእናቷ ታናሽ ወንድም። አጎቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲናገር በመስኮት ጎረቤት ስለሚሰማው «ጡሩምባ» ይባላል።

ወረቀቱን ያነበበው አባቷ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ምናምን ዓመት መሬት ሲቀይስ፣ የሰውን አጥርና ድንበር ሲለካ የኖረ ነውና መነጽሩን ወልውሎ አደረገና እያንዳንዱን ሕግ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጫወቻ ካርታ ነው» አለ ጡሩምባ። «የይዞታ ካርታ አይደለም።»

«ሰው ሁሉ ሳያነብ እየፈረመ ነው ፍርድ ቤት የሚንከራተተው» አለ አባቷ። «ሕግ ቁጥር አንድ፤ ጨዋታውን በዕድሜ ታላቅ የሆነው ይጀምራል። መልካም። ይህን የጻፈው ሰው አሳዳጊ አለው።»

ባቡር ፈገግ አለች። እሷ ያንን ስትጽፍ በጓደኞቿ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ሦስት ወር ነበር።

ካርታው ታደለ። ከባቡር አግዳሚ የእናቷ እጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሁሉ ፊት የተያዘው ፍየሉ ነው። ጡሩምባ አንገቱን አስግጎ አየው።

«ይሄ ውሻ ምንድነው?»

«የሰው ካርታ አትይ» አለች እናቷ። «ደግሞ ፍየል ነው፤ ጺም አለው።»

«የኛ ሰፈር ውሻም ጺም አለው።»

ሠዓሊዋ አፏን ከፈተች፤ ይህን ጊዜ ባቡር ናት የጎተተቻት።

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ውሃ ጠፍቶበት የውሃ ጉድጓድ ፍለጋ ከቤቱ ወጣ። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ወንዙ ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ነው።» የወንዙን ካርታ አወረደ። «ሰውዬው ግን ቀጥታ አልሄደም። ለምን አልሄደም? በመሃል የጎረቤት አጥር አለ። አጥሩ ደግሞ ቦታውን አልፎ ነው የታጠረው፤ ወደ ምሥራቅ አንድ ሜትር ከሃያ ይገፋል። ሰውዬው ፍየሉን አስከትሎ አጥሩ ሥር ቆመ።»

ፍየል። ባቡር ከአግዳሚው ግማሽ ተነሣች። እናቷ ካርታዋን አየች፤ ፍየሉን አየት አድርጋ ፈገግ አለችለት፤ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ባሏን ማዳመጥ ቀጠለች።

«ፍየሉ ቅጠሉን መልቀም ያዘ» አለ አባቷ። «ቅጠሉ የማን ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ በጎረቤት ግቢ፣ ቅርንጫፉ በዚህ በኩል፤ ፍየሉ ደግሞ መንገድ ላይ።»

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሰውዬው አጥሩ ላይ መሰላል አስደገፈ። መሰላሉ ጡሩምባ እጅ ላይ ነው። ጡሩምባ ጆሮውን አከከ፣ ጣሪያውን አየ፣ ዝም አለ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰውዬው የመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆሞ ስለ ድንበር ችካል ያስባል። ፍየሉ ሰባት ጊዜ ተጠርቷል፤ ባቡር ቆጥራለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣት እንኳ አላረፈም።

ነገሩ ባቡርን እንደ እግር እሳት ለበለባት። ሕጉ በግልጽ ተጽፏል፤ አባቷ ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ምኑ ነው የማይገባው? ምላሷን በጥርሷ ይዛ ወደ አለቃው ዞር ስትል እሱ ሰዓቱን አንሥቶ ያየዋል።

ጡሩምባ ወደ እህቱ ጠጋ አለ። ሹክሹክታው እንደ ልማዱ ለሁሉም ተሰማ። «እትዬ፣ ፍየሉ አንቺ ጋ አይደል እንዴ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ታዲያ አትመቺም?»

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን ነዋ። ተጽፏል።»

«ሰው እያወራ ጠረጴዛ ልምታ? በገዛ ቤቴ? እንግዳ ተቀምጦ?» አለች። «አንተስ መሰላሉን ይዘህ የምን መቁለጭለጭ ነው?»

«የጋሼን ወሬ? ከሠርግሽ ቀን ጀምሮ እንደፈራሁት አለሁ።»

አባቷ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያቸው። «ጉዳይ ካላችሁ ልጠብቅ።»

«ኧረ ቀጥል፣ ቀጥል» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ቀጠለ። አለቃው በዝግታ ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረ፤ ኮቱን ዘረጋ፤ አንዱን እጅጌ አጠለቀ። የቀን መቁጠሪያው ሲገባ፣ ስድሳው ሥዕል ለአንድ ዓመት ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ ታያት። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ «እማዬ ምቺው»። ቃሎቹ ጥርሷ ጀርባ ተሰልፈው ቆመዋል። ሠዓሊዋ ቀሚሱን ሁለት ዙር ጠቀለለችው።

በዚህ መሃል የአባቷ ድምፅ ሻከር አለ። «ፍየሉም በበኩሉ» ብሎ አንዴ ሳል ሳል ሲያደርግ፣ እናቷ ጆጉን አነሣች፣ አንድ ብርጭቆ ቀዳች፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ጉሮሮህ ደረቀ። ጠጣ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ተቀበለ፤ ጠጣም። ጨዋ ነውና ሰው የሰጠውን ውሃ ግማሽ አድርጎ አያስቀምጥም።

እናቷ ፍየሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ፍየሉ ለካ ቅጠሉን ትቶ የሰውዬውን እጅጌ እየበላ ነበር» አለች። «ሰውዬው ዞር ሲል ኮቱ እስከ ክንዱ የለም። እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይቀርብም አለና ጉድጓዱን ትቶ ልብስ ሰፊ ፍለጋ ሄደ።»

ይህች ቤት የምትተዳደረው በዚህ ነበር። እናቷ ካገባች ጀምሮ የባሏን ንግግር አንድም ቀን ቆርጣ አታውቅም። እንግዳ ተቀምጦ የአጥር ወሬ ሲረዝምባት ውሃ ትቀዳለታለች፤ እሱ ጠጥቶ እስኪጨርስ ወሬው የሷ ነው። አጎቷም፣ ጎረቤቱም ይህን ያውቃል። አባቷና ባቡር ብቻ አያውቁም ነበር፤ እሷ እዚያው ቤት አድጋ ሳለ ውሃው እስኪቀዳ ታግሣ ስለማታውቅ።

አለቃው አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ፣ አንዱን ውጪ አድርጎ ቀረ።

«ልብስ ሰፊዋ ፎቅ ላይ ናት» አለች እናቷ። «ደረጃው ፈርሷል፤ ሰውዬው መሰላል...»

ጡሩምባ ውሃ ቀድቶ ሲያበቃ ነበር። «እትዬ፣ ጠጪ።»

«አልጠማኝም።»

«መሰላል ብለሻል። ጠጪ።»

እናቷ እየሳቀች ስትጠጣ ውሃው በአገጯ ወረደ። ጡሩምባ መሰላሉን አወረደና ድምፁን ለቀቀው። ሰውዬውን ከነፍየሉ የጭነት መኪና ላይ ጫናቸው፤ መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው፤ ፍየሉ መሪውን በቀንዱ ያዘ። ጡሩምባ ራሱ ወንበሩ ላይ ወደ ግራና ቀኝ እየተንጋደደ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። «ወደታች! ከፊታችን ድልድይ!»

አባቷ ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ሚስቱን እያያት ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ይሄ ነገር ስንት ዓመቱ ነው?»

«ምኑ?»

«ውሃው።»

እናቷ ከንፈሯን ጠረገች። «ሠላሳ አንድ።»

ጡሩምባ እንኳ ድልድዩ አፋፍ ላይ መኪናውን አቆመ። አባቷ ብርጭቆውን አገላብጦ መረመረው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠጣውን ውሃ በሜትር ኩብ የሚያሰላ ይመስል ነበር። ከዚያ ጆጉን ወደ ራሱ ሳበ፣ አፍ እስከ አፉ ሞላ፣ ለሚስቱ ወንድም ዘረጋለት።

«ድልድይ ብለሃል። ጠጣ።»

ሳቁ ከዚህ በኋላ አልቆመም። ብርጭቆው ከእጅ እጅ ይዞር ጀመር። አባቷ ድልድዩን ለክቶ ሳይጨርስ ውሃ ደረሰው፤ እናቷ ለፍየሉ ገመድ ልታስር ስትል ሁለት ብርጭቆ ባንዴ ቀረበላትና ማን ቀደመ በሚል ክርክር ተነሣ። አባቷ የብርጭቆውን ጉዞ በእርምጃ ለክቶ ፈረደ። ጡሩምባ ውሃው ትን ብሎት ጀርባውን ሲደበድቡት ያው አፉ ወሬውን አላቋረጠም።

ያልሳቀችው ባቡር ብቻ ናት። «ይሄ እኮ ሕጉ ላይ የለም» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ሕጉ ምቱ ይላል። የጻፈችው እሷ ናት፤ ሳጥኑ ላይ ጠረጴዛ የሚመታ ትልቅ መዳፍ ተስሏል። አሁን ብትናገር ጨዋታው የሷ እንደሆነ ይቀራል፤ ሰኞ ግን አይታተምም። ዝም ብትል ሰዎቹ የሚጫወቱት የሷ ያልሆነ ጨዋታ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ ሆኖ አፏ በራሱ ጊዜ ተከፈተ፤ አለቃውም አየው። ሠዓሊዋ በሳቅ ሞታ ቀሚሱን ከለቀቀችው ቆይታለች።

«ውሃ አለቀ» አለች እናቷ ጆጉን አዘቅዝቃ።

ባቡር ተነሣች። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ አፏን ገጠመች፣ ጆጉን ከእናቷ እጅ ተቀበለች፣ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ጆጉ እስኪሞላ ቆማ መጠበቅ ነበረባት። ከሳሎን የአባቷ ሳቅ ይሰማል። አባቷ ሲስቅ መጨረሻ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ያንን ድምፅ ከሰማችው ቆይቷል። ከጓደኞቿ ጋር ሲጫወቱ የሚሰማው ጠረጴዛው ነበር። ታሪኩ ምን እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አንድም አልመጣላትም። ይቺኛዋ ግን፣ ፍየሉ መሪ ይዞ ድልድዩ ላይ ቆሟል፣ ሰውዬው እጅጌ የለውም። ጆጉ ሞልቶ ሲፈስ ነው ያየችው።

ስትመለስ አለቃው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ኮቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ እጁ ላይ ስምንት ካርታ አለ።

ዙሩን እናቷ አሸነፈች። የመጨረሻ ካርታዋን አስቀምጣ፣ «ሰውዬውም ጉድጓዱን አገኘ፤ ፍየሉም እጅጌውን መለሰለት፤ ከነቁልፉ» ብላ ቋጨችው። «በሆዱ ውስጥ የቆየ ቁልፍ እንዴት ይቆለፋል?» ብሎ አባቷ ተቃውሞ ቢያሰማም ውሃ ተሰጠውና ዝም አለ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ሰዓት ያየ አልነበረም።

አለቃው ወረቀቱን አንሥቶ አነበበ። «በወረቀቱ ከሆነ ወድቀሻል» አላት ባቡርን። «ሕግ ቁጥር አራትን አንድም ሰው አልተጫወተውም።»

«አሁን መናገር እችላለሁ?» አለች ባቡር።

«አሁን ትችያለሽ።»

ጡሩምባ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ሌሎቹም የታቆረው ሊፈነዳ ነው ብለው ጠበቁ።

«እስክሪብቶ ስጡኝ» አለች።

ሕግ ቁጥር አራትን ሰረዘች። ሥሩ ጻፈች፤ «በእጅህ ያለው ነገር ከተጠራ ለተራኪው ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ስጠው። እሱ ሲጠጣ አንተ ቀጥል። የተሰጠውን ውሃ አልጠጣም ማለት ክልክል ነው።» አባቷ ወረቀቱን ተቀብሎ «ትንሽ» የሚለውን ቃል በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ትንሽ ማለት ስንት ነው? ነገ ያጣላል።»

«ሁለት ጉንጭ» አለች እናቷ።

«ሁለት ጉንጭ» ብላ ባቡር ጨመረች።

«ሽንት ቤት የሌለው ሰው እንዳይገዛ በዪበት» አለ ጡሩምባ፤ እሱ ሁለቴ ወጥቶ ተመልሷል።

አለቃው ግን ገና አልተነሣም። «አዲስ ሕግ አዲስ ፈተና ይፈልጋል» አለ። «አንድ ዙር በዚህ ወረቀት። አሁን አንቺም ያዢ። በዕድሜ ታላቁ ጋሼ ናቸው፤ ግን ከፈቀዱልኝ እኔ ልጀምር።»

አባቷ ፈቀደ። ሠዓሊዋም ወንበር ስባ ገባች።

አለቃው ሲያወራ የሚቆርጠው የለም። ማተሚያ ቤት ውስጥ እሱ ከጀመረ ማሽኑ እንኳ ይጠፋለታል፤ ችኩሏ ባቡር ራሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱ ቆማ እግሯን እየቀያየረች አዳምጣለች። «አንዲት አሮጌ ማሽን ነበረች» ብሎ ጀመረ በለስላሳ ድምፁ። «ማንም አያስነሣትም፤ አንድ ሰው ብቻ ጠባይዋን ያውቃል። በየማለዳው ይመጣል፣ ጎኗን ይዳብሳል፣ ከኪሱ ቁልፍ ያወጣል...»

ቁልፉ ባቡር እጅ ላይ ነበር። አጎቷ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ እናቷ ጆጉን በአንድ ጣት ገፋ አደረገችላት። ባቡር ቀዳች፤ እንዳይፈስ በቀስታ። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበችለት።

አለቃው ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ እያወራሁ?»

«ጉሮሮዎ ደርቋል፣ አለቃ።»

ተቀበለ። ሁለት ጉንጭ ነው የተባለው፤ እሱ እስከ ታች ጨለጠው። ብርጭቆውን አስቀምጦ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ጠዋት በሁለት ሰዓት» አለ። «ሽፋኑ ላይ ያለውን መዳፍም ቀይሩት።»

«መዳፉን ለመሣል እኮ አራት ቀን ነው የፈጀብኝ» አለች ሠዓሊዋ።

«ብርጭቆ አስይዢዋ።»

ባቡር ቁልፉን አወረደች። ከምሳ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ባንዴ ወጣ። «ሰውዬው ቁልፉን ሲያስገባ ማሽኗ በራሷ ተነሣች፣ ወረቀት መትፋት ጀመረች፣ ወረቀቱ ላይ የማያውቀው ሰው ፊት ታትሟል፣ ሰውዬው ሊያቆማት በገመድ...» ብላ ገና ትንፋሽ ሳትስብ ብርጭቆ አፍንጫዋ ሥር ደረሰ።

«ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያልኩት፣ እማዬ።»

«ገመድ ብለሻል» አለች እናቷ። «ጠጪ፣ የኔ ባቡር።»